ጌጁ ዋሸ፤ ሌባ የተባለው ግን ሾፌሩ!

የዛሬው ጨዋታችን ከመኪና ጋር የተያያዘ ነው። «እኔ መኪና የለኝም፤ ምን አገባኝ?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ! ነገሩ የጀመረው መኪና ውስጥ ቢሆንም ሊያፈርስ የነበረው ግን ዝምድናን ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የደረሰኝን ደብዳቤ አሳጥሬ ላስነብባችሁና ወደ ጉዳዩ እንገባለን።

«ዕድሜዬ 24 ነው። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ከክፍለ ሀገር ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። የምኖረው አክስቴ ቤት ነው። ባለቤታቸው ሲያርፉ አንዲት አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ትተውላቸው ነበር። መንጃ ፈቃድ ስላለኝ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፤ ከዚያ ለሱቃቸው ዕቃ ከመርካቶ አመላልሳለሁ። ቁርጥ ያለ ደመወዝ የለኝም። ምግብና መኝታ ግን አልጎደለብኝም፤ የኪስም ይሰጡኛል።

«ሰኔ ላይ አንድ ጣጣ መጣ። ጠዋት ቤንዚን ስሞላ የጌጁ ቀስት ኤፍ ላይ ትቆማለች። ማታ መኪናዋን ግቢ ሳስገባ አክስቴ መጥተው ያያሉ፤ ግማሽ! አንዳንዴም ሩብ! ‹አንተ ልጅ፣ ይኼ ሁሉ ቤንዚን የት ገባ?› ይሉኛል። በማግስቱ ጠዋት ቁልፍ ስከፍት ደግሞ ቀስቷን ተመልሳ ላይ ወጥታ አገኛታለሁ። እሳቸው በጠዋት ወደ ሱቅ ስለሚሄዱ ይኼን አያዩም። ብነግራቸው ‹ሌሊት መልአክ ነው የሚሞላልህ?› ብለው አፌዙብኝ።

«ባለፈው እሁድ ደግሞ ኋላ ኮፈን ውስጥ ቁራጭ የውሃ ጎማ አገኙ። ጎማው መኪና የማጥብበት ነው። እሳቸው ግን ‹ይኸው መምጠጫህ ተገኘ!› አሉ። ‹የበላበትን ወጪት ሰባሪ› ብለው በልጆቹ ፊት ሰደቡኝ። ቁልፉን ነጥቀውኛል። በወሩ መጨረሻም ከቤታቸው እንድወጣ ነግረውኛል። አገር ቤት ያለችው እናቴ ሰምታ በስልክ አለቀሰችብኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ልማልላቸው ወይስ ሳያባርሩኝ በፊት ጠፍቼ ልሂድ? ምን ትመክሩኛላችሁ?»

አይዞህ ወንድሜ! አትማል፤ አትጥፋም። ብትምል «ሌባ ደግሞ መማል መች ይፈራል?» ትባላለህ። ብትጠፋ ደግሞ «ይኸው፣ ሰርቆ ነው የሸሸው» ትባላለህ። ሁለቱም መንገድ ገደል ነው።

እኔ ደብዳቤውን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው አንድ ቦታ ላይ ነው። ማታ የወረደችው ቀስት ጠዋት ተመልሳ ትወጣለች። ጎበዝ፣ የተሰረቀ ቤንዚን ሌሊቱን በእግሩ ተመልሶ ታንከር ውስጥ አይገባም! ወይ ልጁ ስለ ጠዋቱ ይዋሻል፤ ወይ ጌጁ ስለ ማታው ይዋሻል። ይኼን ደግሞ በመሐላ ሳይሆን በፍተሻ ማወቅ ይቻላል።

ግልጹን ልንገራችሁ፤ እኔ ሜካኒክ አይደለሁም። ትምህርቴም 12ኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ትምህርት እንደጨረስኩ ግን አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ካቻቪቴ እያቀበልኩ ዓመት ያህል ሠርቻለሁ። እናላችሁ ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ አንድ ልጅ በጌጅ ምክንያት ከቤት ሊባረር ነው» አልኳቸው። ሳቁና «የጌጅ ነገር ስንቱን ሾፌር ከእንጀራው አፈናቅሏል መሰለህ!» አሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት አብረን ሄድን። አስቀድሜ ግን ለልጁ አንድ ነገር አጥብቄ ነግሬው ነበር። «ፍተሻው አክስትህ በሌሉበት አይደረግም። እሳቸው ቆመው ካላዩ ቢጠገንም አንተ ነጻ አትወጣም።»

ወደ ቅዳሜው ከመሄዳችን በፊት ስለ ጌጅ ትንሽ እናውራ።

ጌጅ ሁለት ቦታ ላይ ያለ ነገር ነው። አንደኛው ዳሽቦርድ ላይ የምናያት ቀስት ናት። ሁለተኛው ታንከሩ ውስጥ የሚገባው ሴንደር ነው። ሴንደሩ ቀጭን የብረት ክንድ አለው፤ ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ አለበት፤ ልክ ቤታችን የውሃ ታንከር ውስጥ እንዳለው ማለት ነው። ቤንዚኑ ሲወርድ ተንሳፋፊው አብሮ ይወርዳል። ያኔ የክንዱ ሌላኛው ጫፍ በቀጭን የሬዚስታንስ ሽቦ ላይ እየተንሸራተተ ለኤሌክትሪኩ መንገዱን ያጠብበታል። በብዙዎቹ የድሮ ቶዮታዎች ታንከሩ ሙሉ ሲሆን ሬዚስታንሱ 3 ኦም ገደማ ነው፤ ባዶ ሲሆን ወደ 110 ኦም ይደርሳል። ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ቀስቷ ወደ ኤፍ ትወጣለች፤ ትንሽ ሲያልፍ ወደ ኢ ትወርዳለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቀስቷ ቤንዚኑን አይታው አታውቅም! የምታውቀው የሚደርሳትን ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። መንገድ ላይ አንድ የዛገ ብሎን ወይም አንድ የላላ ሶኬት ካለ፣ ያ ዝገት ራሱ እንደ ተጨማሪ ሬዚስታንስ ይቆጠራል። ቤንዚኑ ጠብ ሳይል ቀስቷ ትወርዳለች።

ሌላም አለ። በድሮዎቹ ጌጆች ውስጥ ቀስቷን የሚገፋት በኤሌክትሪክ ሲሞቅ የሚታጠፍ ቀጭን ብረት ነው። ስለዚህ ቁልፍ ሲከፈት ዘገም እያለች ነው የምትነሳው። ቁልፍ ከፍቶ ወዲያው አይቶ መፍረድ ትልቅ ስሕተት ነው። ቢያንስ አንድ ደቂቃ ታገሷት። መኪናው ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ ከቆመም ቤንዚኑ ወደ አንድ ወገን ስለሚሄድ ንባቡ ይዛባል። ሜዳ ላይ አቁማችሁ ተመልከቱ።

አንዴ እየሠራ አንዴ የሚጠፋ ጌጅ የሚዋሽበት የራሱ ጠባይ አለው። ጠባዩን ያወቀ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

1ኛ/ ቀስቷ ጎርባጣ መንገድ ላይ የምትወርድና የምትወጣ ከሆነ፣ የላላ ሶኬት ወይም የዛገ ማሳ ነው። ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው።

2ኛ/ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ የምትጠፋ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከግማሽ በታች ስትሆን ዝቅ ብላ ሩብ ጋ ተመልሳ የምትመጣ ከሆነ፣ የሴንደሩ ሬዚስታንስ እዚያ ቦታ ላይ ተበልቷል ማለት ነው።

3ኛ/ አንድ ቦታ ላይ ተገትራ ቆይታ መኪናው ሲናጥ ድንገት የምትወድቅ ከሆነ፣ የተንሳፋፊው ክንድ ይያዛል። ይኼኛው አደገኛ ነው። «ግማሽ አለኝ» ብላችሁ ስትነዱ ቤንዚኑ መንገድ ላይ ያልቅባችኋል።

4ኛ/ ታንከሩ ጢም ብሎ ሞልቶ እንኳ ላይ የማትደርስ ከሆነ፣ ተንሳፋፊው ተቀዶ ቤንዚን ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ፈትታችሁ ጆሯችሁ ጋ ስትነቀንቁት ውስጡ ይንቦጫረቃል።

5ኛ/ የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ አብረው የሚያብዱ ከሆነ ታንከሩን አትንኩት። ችግሩ ሁለቱ በሚጋሩት ፊውዝ፣ በዳሽቦርዱ ማሳ ወይም ለጌጆቹ ኤሌክትሪክ በሚመጥነው ሬጉሌተር ላይ ነው።

6ኛ/ ቀስቷ ያለ ምክንያት ኤፍ ላይ ተለጥፋ የምትቀር ከሆነ፣ ከሴንደሩ የሚመጣው ሽቦ ተልጦ የመኪናውን ብረት እየነካ ይሆናል።

አሁን ወደ ቅዳሜው። አክስቲቱ በር ላይ ነው የተቀበሉን። ፊታቸው ጥቁር ብሏል። «እናንተ ደግሞ የሱ ጠበቆች ናችሁ?» አሉን። ጋሼም «የለም እትዬ፣ እኛ የመጣነው የጌጁን ቃል ልንቀበል ነው» አሏቸው። ትንሽ ፈገግ አሉና ወንበር አስወጥተው መኪናዋ አጠገብ ተቀመጡ።

ጋሼ ቁልፉን ከፈቱ። ቀስቷ ቀስ ብላ ሄዳ ሩብ ላይ ቆመች። አክስቲቱ «ይኸው!» አሉ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሙቀቱን ጌጅ ተመለከቱ፤ ልኩ ላይ ነው፤ አይነቃነቅም። ስለዚህ ፊውዙና ሬጉሌተሩ ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። ቀጥለው ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ብቻ ከፍተው ተዉትና ወደ ኋላ ሄደው ኮፈኑን ከፍተው ድርግም አድርገው ዘጉት። «እትዬ፣ እስቲ ቀስቷን ይመልከቱልኝ» አሉ። ቀስቷ ዘገም እያለች ተነሳች። ግማሽን አለፈች፤ ሦስት አራተኛ ጋ ደረሰች። አክስቲቱ አንድም ቃል አልተናገሩም። ቤንዚን የጨመረ ሰው የለም!

ጋሼ ግን በዚህ አልረኩም። የኋላውን ኮፈን ምንጣፍ ገለጡ። በአንዳንድ መኪና የሴንደሩ ሶኬት እዚህ ነው፤ በአንዳንዱ ደግሞ ከኋላ ወንበር ስር ነው። ቁልፉን ዘግተው ሶኬቱን ነቀሉና መልሰው ከፈቱ፤ ቀስቷ ኢ ላይ ወረደች። አሁንም ቁልፉን ዘግተው በሴንደሩ ሽቦና በመኪናው ብረት መካከል ትንሽዬ የዳሽቦርድ አምፖል አገናኙ። ሲከፍቱት አምፖሉ በራ፤ ቀስቷም ወደ ላይ ሄደች። አንዳንዱ ሰው ያለ አምፖል ሽቦውን በቀጥታ ብረት ያስነካል። ጌጁን ሊያቃጥል ስለሚችል አታድርጉት። የ3.4 ዋት አምፖል በቂ ነው። ይኼ ፍተሻ የሚነግረን ከዳሽቦርዱ እስከ ታንከሩ ያለው መንገድ ደህና መሆኑን ነው።

ቀጥሎ ቴስተር አመጡ። ሴንደሩን ከራሱ ክዳን ብረት ጋር ሲለኩት ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከመኪናው ብረት ጋር ሲለኩት ግን ቁጥሩ ይዘል ጀመር። «ሌባው ተያዘ!» አሉ ጋሼ። ከሴንደሩ የምትወጣ አጭር የማሳ ሽቦ አለች፤ በአንዲት ብሎን ከመኪናው ብረት ጋር ታስራለች። ብሎኗ በዝገት ቡናማ ሆናለች። የኮፈኑ ጎማ ተሰነጣጥቆ ውሃ ያስገባል፤ ምንጣፉ ስር እርጥብ ነው። ችግሩ ለምን ሰኔ ላይ እንደጀመረ ገባችሁ? ክረምቱ ነዋ! ቀኑን ሙሉ በመርካቶ ጉድጓድ ስትናጥ ንክኪው ይላላል፤ ማታ ቀስቷ ትወርዳለች። ጠዋት ልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳ ለመጫን ኮፈኑን ከፍቶ ሲዘጋው ደግሞ ንክኪው ይመለሳል።

ጥገናው ምን ፈጀ መሰላችሁ? አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀትና አንድ አዲስ ብሎን! የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈቱ፤ ዝገቱን ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈጉት፤ አጥብቀው አሰሩት፤ ውሃ እንዳይነካው ግራሶ ቀቡት። ሙሉ ሥራው አንድ ሰዓት አልሞላም። ጌጅ ሲያስቸግር ሮጣችሁ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ አሮጌ ጌጅ ወይም ታንከር የምትገዙ ሰዎች ስሙ! መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን ፈትሹ። ፊውዝ፣ ሶኬት፣ ማሳ፣ ከዚያ ሴንደር፤ ዳሽቦርድ መፍታት የመጨረሻው ነው።

አክስቲቱ ግን ብልህ ሴት ናቸው። «እሺ፣ ጌጁ ይዋሻል። ታዲያ ጌጁ መዋሸቱ እሱ አለመስረቁን ያሳያል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ትክክል ነው! መልሱ ያለው ሒሳብ ላይ ነው። ታንከሩን ሙሉ፤ ፓምፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጭ ሲል አቁሙ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ጻፉ። ከቀናት በኋላ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ ላይ እንደገና ሙሉ። የሄዳችሁበትን ኪሎ ሜትር አሁን በገባው ሊትር አካፍሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በስልክ እንዲሆን ስለተደረገ፣ መቼ ስንት ብር እንደተከፈለ ከስልካችሁ ማየትም ይቻላል።

እሳቸውም እንዲህ አደረጉ። ስምንት ቀን ጠብቀው ራሳቸው ማደያ ድረስ አብረው ሄዱ። መኪናዋ 214 ኪሎ ሜትር ሄዳለች፤ የገባው 21 ሊትር ተኩል ነው። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ይኼ ቁጥር ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን ይታወቃል? ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ የሟች ባለቤታቸው ትንሽ ደብተር ወጣች። ሰውዬው ቤንዚን በሞሉ ቁጥር ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና ሊትሩን በእርሳስ ይጽፉ ነበር። ልጁና አክስቱ አብረው ደመሩት፤ የሳቸውም ዘመን ሒሳብ ያው 10 አካባቢ ነው። ያለፉት ሁለት ወራት ክፍያና ኪሎ ሜትርም ሲታይ ከዚያ አይርቅም። የጎደለ ቤንዚን የለም።

አክስቲቱ «ይቅርታ» የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ታላላቆቻችንን ታውቋቸዋላችሁ። ግን ምን አደረጉ? በዚያው ምሽት አገር ቤት ወደ ልጁ እናት ደወሉ። «ልጅሽ አልሰረቀም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አሉ። ልጁ ይኼን ሲነግረኝ ድምፁ ተቆራረጠ። ቁልፉንም መልሰውለታል። «ግን» አለኝ፣ «ቁልፉን ስቀበል እጄ ፈራ። አሁንም ማታ ማታ ቀስቷን ሳያት ልቤ ይመታል።» እውነቱን ነው። የዛገ ብሎን በአንድ ሰዓት ይጸዳል፤ የተሰደበ ሰው ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የኔ ምክር ይኼ ነው። የጋሼን ደብተር (ነፍሳቸውን ይማርና) አንተ ቀጥልበት። ሒሳቡን በየሳምንቱ ለአክስትህ አሳይ፤ ስለሚጠረጥሩህ ሳይሆን ነገ ማንም እንዳይጠረጥርህ። ሌላው ደግሞ፣ ቁርጥ ያለ ደመወዝ ጠይቅ። በአክብሮት፣ ቡና ላይ አንሳላቸው። ደመወዝ የሌለው ሰው እጁ ላይ ብር በታየ ቁጥር «ከየት አመጣው?» መባሉ አይቀርም። ለመቆየትም ሆነ ለመውጣት የምትወስነው ግን አሁን ነው፤ ስምህ ከጸዳ በኋላ።

መኪናችሁን ለሰው የሰጣችሁ ደግሞ ስሙኝ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉንን አሮጌ መኪኖች ጠጋግነን መያዛችን አይቀርም። አሮጌ መኪና ደግሞ ይዋሻል። በቀስት ብቻ ሰው አትክሰሱ። መጀመሪያ ሙሉ፣ ጻፉ፣ አካፍሉ፤ ከዚያ ተናገሩ። ሒሳቡ ደጋግሞ ከጎደለ ያኔ በድፍረት ጠይቁ።

መጨረሻ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሶኬትና ማሳ ማየት ማንም ይችላል። ሴንደሩን ከታንከሩ ማውጣት ካስፈለገ ግን ለባለሙያ ስጡት። የቤንዚን ትነት በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። ሥራው ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ፣ ታንከሩ ሳይሞላ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈትቶ ነው የሚሠራው። ሲጋራና ክብሪት አጠገቡ አይድረሱ። ሲመለስም የክዳኑ ጎማ አዲስ ይሁን፤ አለበለዚያ የቤንዚን ሽታ መኪናው ውስጥ ይገባል። ጌጁ እስኪሠራ ድረስ ደግሞ በኪሎ ሜትር ቆጥራችሁ ታንከሩ ግማሽ ሳይደርስ ሙሉ። በነዳጅ ሰልፍ ቀን ያለቀበት ሰው ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ።

በሉ እንግዲህ፣ ለዛሬ በዚህ ይብቃን። እናንተም በዕቃ ጥፋት ሰው የተወነጀለበት ገጠመኝ ካላችሁ ጻፉልኝ። የሳምንት ሰው ይበለን፤ ቸር እንሰንብት!